የጽጌረዳ ማርመላታና የወንድሜ ካሴቶች

ቤታችሁ ውስጥ አንድ የማይጣል ካርቶን አለ አይደል? እኛ ቤት ያለው የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ 23 ካሴት፣ ሽፋናቸው የተሰነጠቀ አራት ሲዲ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ የኮንሰርት መግቢያ ትኬትና አንድ እስክሪብቶ አለ። እስክሪብቶው የሚጻፍበት አይደለም፤ ካሴት የሚጠነጠንበት ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋችሁ ያለ ማብራሪያ ትረዱኛላችሁ።

ካርቶኑ የታላቅ ወንድሜ ነው። በ2008 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ሲሄድ «ማንም እንዳይነካብኝ» ብሎ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጦት ሄደ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ እኛም ዕቃችንን ጠቅልለን ስንወጣ፣ እማዬ ለጫኞች አልሰጥም ብላ በእጇ የያዘቻቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ። አንዱ ይኸው ካርቶን ነው። ሌላው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ስድስት ቁራጭ የጽጌረዳ ግንድ።

ልንገራችሁ፤ ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ትዝታ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ደንበኛ በሠራነው ማስታወቂያ ላይ ከጀርባ የድሮ ዜማ ይግባ ብዬ የወተወትኩት እኔ ነበርኩ፤ ሠርቷልም። ስለዚህ ስለ ልጅነቴ ባንዶችና ኮንሰርቶች ልጽፍ ስነሣ ራሴን ትንሽ ጠረጠርኩ። የምጽፈው ግን ስለ ዘፈን ብቻ አይደለም። ስለ ማርመላታም ነው፣ ከወንድሜ ጋር ስላልተነጋገርንባቸው ሰባት ወራትም ነው።

በማርመላታው ልጀምር። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ስም እንደመጣ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። እማዬ ልጅ ሳለች ከጎረቤታቸው አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ነበሩ። ከእሳቸው ባልትና ተማረች። ፓስታው የሁሉም ሰው ሆነ፤ የአበባ ማርመላታው ግን የእኛ ቤት ብቻ ሆኖ ቀረ። በትክክል ከተባለ ጄሊ ነው። ማርመላታ ፍሬው ከነሥጋው የሚገባበት ሲሆን ጄሊ ግን የተጠለለው ውሃ ብቻ ከስኳር ጋር ፈልቶ የሚረጋ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። እኛ ቤት ግን ስሙ ማርመላታ ነው፤ አሁን ልቀይረው አልችልም።

ዝናቡ አብቅቶ ጽጌረዳዋ ስትፈነዳ የጽጌረዳ ይሠራል። በቀረው የዓመቱ ጊዜ የከርከዴ። ከርከዴን አበባ ብንለውም የምናፈላው ቀይ ነገር አበባው ራሱ አይደለም፤ አበባውን ከሥር ታቅፎ የሚይዘው ሽፋን ነው፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ወፍሮ የሚቀር። እማዬ ይህን ብነግራት «ታዲያ ጣዕሙ ተለወጠ?» አለችኝ።

አሁን ወደ 1997 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ጥር 29፣ እሑድ። የቦብ ማርሌ 60ኛ ልደት በመስቀል አደባባይ የተከበረበት ቀን። እኔ የ12 ዓመት ልጅ፣ ወንድሜ 17። ለእማዬ «ቤተ መጻሕፍት ነን» አልናት። በእሑድ! እንዴት እንዳመነችን እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምሳ ይሁናችሁ ብላ በዳቦ መሐል የከርከዴ ማርመላታ ቀብታ በፌስታል ቋጠረችልን።

እንደዚያ ያለ ሕዝብ ከዚያ በፊት ያየሁት ለደመራ ብቻ ነው። ደረጃው ላይ ቦታ አግኝተን ተቀመጥን። ሪታ ማርሌንና ልጆቿን፣ አንጄሊክ ኪጆን፣ ዩሱ ንዱርን አየሁ ብዬ ልፎክር እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ከርቀት ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ ነው ያየሁት። የማስታውሰው ድምፁን ነው። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ በጆሮዬ ሳይሆን በተቀመጥኩበት ሲሚንቶ በኩል ሆዴ ውስጥ ይገባ ነበር። ወንድሜ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ «ድምፅ ማለት እኮ ርግብግቢት ነው፤ አሁን እየነካሽ ያለው ራሱ ሙዚቃው ነው» አለኝ። ያኔም ፊዚክስ ይወድ ነበር። በኋላ የፊዚክስ መምህር ሆነ።

ፌስታሉን እቅፌ ውስጥ ረስቼው ስዘል ማርመላታው ፈሶ ነጭ ካናቴራዬን አጨቀየው። ማታ ቤት ስንደርስ እማዬ ደረቴ ላይ ያለውን ቀይ አይታ ጮኸች። ከዚያ ጠጋ ብላ አሸተተችው። ጣቷን አስነክታ ቀመሰችው። «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማርመላታ ይጨፈራል እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ ወንድሜ ግን የእኔንም ድርሻ ተቀበለልኝ።

የሚሌኒየሙን ዋዜማ በአጭሩ ልለፈው። ብላክ አይድ ፒስ አዲስ አበባ መጥተው ሲዘፍኑ ትኬቱ ለእኛ ቤት የሚቀመስ ስላልነበረ በቴሌቪዥን ሰማን። በዚያው ዓመት ቢዮንሴም መጣች። እሷንም አላየናትም።

ያ ጊዜ ለእኛ ትልቁ የእዮብ መኮንን ጊዜ ነበር። «እንደ ቃል» የተባለው አልበሙ፣ ኤልያስ መልካ ያቀናበረው፣ እኛ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አልተሰማም ብል ማጋነን አይሆንም። ሬጌ እንደዚያ በጨዋ አማርኛ፣ እንደዚያ በተረጋጋ ድምፅ ሲቀርብ አልሰማንም ነበር። ወንድሜ በምሽት ክበብ ሲዘፍን ብዙ ጊዜ አይቶታል። እኔ ገና ልጅ ስለነበርኩ ሁልጊዜ «ስታድጊ እወስድሻለሁ» ይለኝ ነበር። ሳድግ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ቢዝነስ ማኔጅመንት፣ ከአዲስ አበባ ውጪ። «ስትመለሺ» ሆነ።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት መጣሁ። ጷጉሜን ላይ አብረን ልንሄድ ተስማምተን ነበር። ነሐሴ 12 እዮብ ለሕክምና በሄደበት ናይሮቢ በ37 ዓመቱ አረፈ። ወንድሜ ዜናውን ሲሰማ ቴፑን አጠፋ፤ ካሴቱን አወጣና ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። ሳምንት ሙሉ ቤታችን ሙዚቃ አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ ስለማላውቀው ዘፋኝ አልቅሻለሁ ለማለት አይደለም። «በኋላ እንሄዳለን» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለምፈራው ነው። ልጆቼ «በኋላ እንጫወት?» ሲሉኝ እንኳን ይረብሸኛል። ኤልያስ መልካም በ2012 መስከረም ላይ ሲያርፍ ወንድሜ ከአሜሪካ ደወለ፤ ብዙም ሳንነጋገር ስልኩን ይዘን ቆየን።

በዚያው በ2005 ዓ.ም. ከሐዘኑ በኋላ ወንድሜ አንድ ውሳኔ ወሰነ፤ እማዬን ኮንሰርት ይወስዳታል። እናቴን ብታውቋት ትስቃላችሁ። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዕድርና ከገበያ ውጪ ማታ የወጣችበትን ቀን አላስታውስም። የወሰዳት ፒያሳ፣ ጣይቱ ሆቴል፣ ጃዛምባ ነው። አዲስ አኮስቲክ ይጫወቱ ነበር፤ ግሩም መዝሙር ያሰባሰበው፣ የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዜማዎች በኤሌክትሪክ መሣሪያ ጩኸት ሳይሆን በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በማንዶሊን የሚያነሣ ቡድን።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። አምፖሉን፣ የእንጨቱን ወለል፣ የሚጠጡትን ፈረንጆች አየች። ለስላሳ አዘዘች። «አንድ ዘፈን ሰምተን እንሄዳለን» አለች። ከዚያ አየለ ማሞ ማንዶሊኑን አነሣ።

ፊቷን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ወንድሜ መድረኩን ያይ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ እናቴ ሆና ነው የማውቃት። ያን ማታ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆና አየኋት። «ይሄ እኮ አባባ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ዝም በሉ የሚለን ዘፈን ነው» አለችኝ። ከአንድ ዘፈን በኋላ አልሄድንም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው የወጣነው። መንገድ ላይ «ልጁ ክላርኔቱን ያስለቅሰዋል» አለች፤ ዳዊት ፍሬውን ማለቷ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜን ሳይጠይቃት አንድ ጠርሙስ ማርመላታ አዘጋጅታ «ለእነዚያ ልጆች አድርስልኝ» አለችው። አድርሶ ይሁን በልቶት እስከ ዛሬ አልተናገረም። እኔ በልቶታል ባይ ነኝ።

ጃዛምባ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል ላይ በተነሣው እሳት ተቃጠለ። የዚያን ቀን እማዬ «ወለሉ እንጨት ነበር» ብቻ አለች።

በመሐል ጃኖ ባንድ ነበር። አራት ድምፃውያን፣ ሮክ ከሀገራችን ቅኝት ጋር፣ «ኤርታሌ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው። እኔ ወድጄው አንገቴ እስኪያመኝ ነቀነቅኩ፤ ወንድሜ «ይጮሃል» አለ። ያኔ ነው ማርጀቱን የነቃሁበት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሄደ።

አሁን የማልወደው ክፍል ላይ ደረስኩ።

ከካዛንቺስ ስንወጣ እማዬን እኔ ወሰድኳት። የምኖረው ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። እማዬ ስድስቱን የጽጌረዳ ቁራጭ በተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ውስጥ ተክላ በረንዳው ላይ ደረደረቻቸው። አራቱ ደረቁ። ሁለቱ ቀሩ። በመጋቢት እማዬ ደረጃው ላይ ተንሸራታ ጉልበቷን ተጎዳች።

ወንድሜ ደወለ። «እንዴት እናታችንን አራተኛ ፎቅ ላይ ታስቀምጫለሽ? ትንሽ አታስቢም?» አለኝ። ከሥራ መመለሴ ነበር፤ ደክሞኛል፤ ሆስፒታል ውዬ ሁለት ለሊት አልተኛሁም። አሁን ብጽፈው የሚያሳፍረኝን መልስ ሰጠሁት። «የአንተ ፍቅር በየወሩ መጨረሻ በባንክ የሚላክ ነው፤ ደረጃ አይወጣም» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ዘጋው።

ሰባት ወር። ለእማዬ ይደውላል፤ እኔ ስልኩን ከፍቼ እሰጣትና ወደ ኩሽና እገባለሁ። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የልጆቼን ፎቶ ስለጥፍ ልብ ምልክት ያደርጋል። ቃል የለም። ከእናንተ መካከል ወንድም ወይም እህት ውጭ ሀገር ያለው ይህን ዓይነት ዝምታ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። ገንዘቡ ይመጣል፤ ሰላምታው በእናት በኩል ይመጣል፤ ሰውየው ግን አይመጣም።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ሁለቱ ጽጌረዳዎች አበቡ። 11 አበባ። እማዬ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ሦስት ቀን ተቀምጣ አየቻቸው። በአራተኛው ቀን «ዘንድሮ አንቺ ነሽ የምትሠሪው፤ እኔ ቆሜ ማማሰል አልችልም» አለችኝ።

አሠራሩን እንደነገረችኝ ልንገራችሁ። አበባው በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይመታው ይለቀማል። የቅጠሉ ሥር ላይ ያለችው ነጭ ጫፍ ትመራለች፤ በመቀስ ትቆረጣለች። የፈላ ውሃ ተደርጎበት ተከድኖ ያድራል፤ ሲነጋ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። አበባ ብቻውን አይረጋም፤ የሚያረጋው ፔክቲን የሚባለው ነገር አበባ ውስጥ በበቂ ስለሌለ ከፍሬ ይበደራል። እማዬ የምትጠቀመው ያልበሰለ የጨንቻ ፖም ነው፤ ጎምዛዛውን፣ ከነልጣጩና ከነፍሬው ከትፋ፣ ውሃ ጨምራ እስኪፈርስ ትቀቅልና በሻሽ አንጠልጥላ ታንጠባጥበዋለች። አይጨመቅም፤ ከተጨመቀ ይደፈርሳል። ከዚያ ሁለት ኩባያ የፖም ውሃ፣ ሁለት ኩባያ የጽጌረዳ ውሃ፣ ሦስት ኩባያ ስኳር፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ሎሚው ሲገባ ያንን የደበዘዘ ውሃ ሲያበራው ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አሳዩዋቸው፤ የእኔዎቹ «አስማት!» ብለው ጮኹ።

አንድ ነገር አደራ። ከአበባ ሻጭ የተገዛ ጽጌረዳ ለዚህ አይሆንም። የእርሻ ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለአፍ አልተመረተም፤ መድኃኒት ይረጭበታል። የመንገድ ዳር አበባም አትሞክሩ፤ መርዛማ አለበት። የራሳችሁ ግቢ ጽጌረዳ ከሌላችሁ ከርከዴ ይበቃል።

እኔ ታዲያ የእማዬን «ሲደርስ ታውቂዋለሽ» አላመንኩም። ቢዝነስ የተማረ ሰው በመለኪያ ያምናል። ኢንተርኔት ላይ አንብቤ የኩሽና ቴርሞሜትር ገዛሁ። 105 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት ይላል። እማዬ ተኝታ ነበር። ቡታጋዙ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። 96፣ 97፣ 98... ጠበቅኩ። ሽታው ከጽጌረዳ ወደ ካራሜላ ሲቀየር እንኳን ቁጥሩን ነበር የማምነው። 105 ሲደርስ ድስቱ ውስጥ የነበረው ቡናማ ሙጫ ነው። ሲቀዘቅዝ ማማሰያው ተተክሎ ቀረ።

ከሠላሳ ዓመት ግቢ የተረፈው የዓመቱ አበባ በሙሉ። ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እማዬ እያነከሰች መጣች፤ ድስቱን አየችው። አልተቆጣችም፤ ያም ባሰብኝ። «ሳህን ላይ ጠብ አድርገሽ አላየሽውም?» ብቻ አለች።

ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ የድስቱን ፎቶ ቤተሰብ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። «የእማዬን ጽጌረዳ አቃጠልኩት። 105 ድረስ አፍልቼው» ብዬ ጻፍኩ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ በራ። ከሰባት ወር በኋላ የወንድሜ የመጀመሪያ መልእክት እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ እኮ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ የሚፈላው በ92 ነው እንጂ በ100 አይደለም። አንቺ ያነበብሽው ባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ከሚፈላበት አራት ተኩል፣ አምስት ዲግሪ ያህል ጨምሪ። 97 ላይ አውጪው።» ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ፦ «ይህን ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬሽ ነበር።»

አላስተማረኝም። ግን አልተከራከርኩም። «እሺ መምህር» ብዬ መለስኩ።

በኅዳር ሌላ ሁለት አበባ ብቻ ተገኘ። ከከርከዴ ጋር ቀላቀልኩት። ቴርሞሜትሩን ይዤ 97 ላይ አወጣሁ፤ ደግሞም እንደ እማዬ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ በጣቴ ገፋሁት። ተጨማደደ፤ ረግቷል። ሦስት ጠርሙስ ሞላ። መሥሪያ ቤት አንዱን ወስጄ ስናበላ ባልደረቦቼ ስምና ሌብል እናውጣለት፣ እንሽጠው ማለት ጀመሩ። አንድ ማታ በእርግጥ ሌብል ሠርቼ ነበር፤ ቆንጆ ነበር። ጠዋት አጠፋሁት። አንዳንድ ነገር ዋጋ ከተጻፈበት ለማን እንደምሰጠው የሚጠፋኝ ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ለገና መጥታ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትመለስ የሰፈር ልጅ ሰጠኋት፤ በሁለት ፌስታልና በልጄ ካልሲ ጠቅልዬ። ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ ማታ ወንድሜ ደወለ። በእማዬ ስልክ አይደለም፣ በእኔ። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ድስት እያጠብኩ ነበር።

«ከርከዴ ነው» አለ፤ አፉ ሙሉ ነው። «ግን ሌላ ነገር አለው።»

«ሁለት ጽጌረዳ አለበት።»

ዝም አለ። ማንኪያው ጠርሙሱን ሲነካ ይሰማኛል። ስለ ደረጃው ምንም አላልንም። ስለ ባንኩም። «ጉልበቷስ?» አለ፤ «ይሻላታል፤ ምድር ቤት የሚከራይ እየፈለግን ነው» አልኩት። «እኔም ልጨምርና እንፈልግ» አለ።

ከዚያ ድንገት «ቆይ» አለ። «ምንድን ነው የሚሰማኝ?»

ሳሎን ውስጥ ሲዲው እየዞረ ነበር። እዮብ ነው። ልቀንሰው ተነሣሁ፤ ዘግይቼ ነበር።

«ካርቶኔን ነክተሻል» አለ።